ሳይቱ ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፣ ከውጭ ግን አይከፈትም? በር በበር እንየው

ሐረር ጀጎል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ላላቸው አንዲት እናት ሳይት ሠርቼ ነበር። ክፍሎቹን ፎቶ አነሳን፣ ዋጋ ጻፍን፣ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር ነው) አንዲት ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ከፍቼ ሁሉንም ጫንኩት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብዬ፣ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ስሞክረው ይሠራል። ደስ ብሎኝ የአይፒ ቁጥሩን፣ የማሽኑን የኢንተርኔት አድራሻ፣ በቴሌግራም ላኩላቸው። ትንሽ ቆይተው ደወሉ። «ልጄ፣ ይዞራል እንጂ አይመጣም እኮ» አሉኝ። በራሴ ስልክ ሞከርኩት። እውነትም ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ገጹን ማግኘት አልተቻለም ይላል።

ሰርቨር ነክቶ ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም። እዚህ ሲደርስ ደግሞ ብዙው ሰው ያገኘውን ሁሉ መነካካት ይጀምራል። ፋየርዎሉን (ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን ጠባቂ) ያጠፋል፣ ማሽኑን ሰርዞ ሌላ ይከፍታል፣ አንድ ቪዲዮ ላይ ያየውን ትዕዛዝ ሳይገባው ይለጥፋል፣ በመጨረሻ ቢከፈትለት እንኳ የቱ እንደከፈተው አያውቅም። እኔም እንደዚያ ሳደርግ ስንት ሌሊት ነግቶብኛል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የማደርገው፦ ከውስጥ ጀምሬ ወደ ውጭ እወጣለሁ፤ አንዱን በር ሳላረጋግጥ ወደ ሌላው አልሄድም።

በር ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ግንቡ 5 ታሪካዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። እንግዳው እኚያ እናት ቤት እንዲደርስ መጀመሪያ ከከተማው በሮች ባንዱ መግባት አለበት። ከዚያ በጠባቧ መንገድ ሄዶ የግቢያቸውን በር ያገኛል። ግቢ ከገባ በኋላም ከቤት ውስጥ «ማነው?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ክላውድም ይሄው ነው። የከተማው በር የክላውድ ድርጅቱ ፋየርዎል ነው። የግቢው በር ማሽኑ ላይ ያለው የኡቡንቱ፣ የማሽኑ ሲስተም፣ ፋየርዎል ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ኤንጂንኤክስ፣ ገጹን ለእንግዳው የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ነው። ሦስቱም ካልተሟሉ እንግዳው ይመለሳል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን፣ በትንንሹ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ዳሽ ስል አጭሯን ሰረዝ ማለቴ ነው። ማሽኑ ኡቡንቱ፣ ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ነው ብዬ ነው የምሄደው።

ቤት ውስጥ ሰው አለ?

በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ማሽኑ መግቢያው) ማሽኑ ውስጥ ግቡና «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኤንጂንኤክስ» በሉ። አረንጓዴ «አክቲቭ» ካለ ተነስቷል። ከዚያ እዚያው ማሽኑ ላይ «ከርል ዳሽ አይ ሎካልሆስት» ጻፉ፤ እዚህ ላይ አይ ትልቁ ፊደል ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚመጣውን ቁጥር እዩ።

200 ከሆነ ደህና ነው፣ እለፉ።

403 ከሆነ ኤንጂንኤክስ ፋይሉን እንዲያነብ አልተፈቀደለትም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሳይቱን የራሱ ሆም ማህደር ውስጥ አስቀምጦት ነው። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ የአንዱን ተጠቃሚ ሆም ሌላው ተጠቃሚ እንዳይገባበት ተዘግቶ ነው የሚፈጠረው፤ ኤንጂንኤክስ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ስም ነው። የሆሙን ፈቃድ ከማላላት ይልቅ ሳይቱን ቫር በሚባለው ማህደር ውስጥ ወዳለው፣ ሦስት ደብሊው ወደሚባለው ቦታ ውሰዱት። ቦታው ለዚሁ የተሠራ ነው።

502 ከሆነ ኤንጂንኤክስ አለ፣ ከጀርባው ያለው አፕሊኬሽን ግን ሞቷል ወይም ሌላ ፖርት (ማሽኑ ላይ ያለ ባለቁጥር መግቢያ) ላይ ነው። እዚህ ላይ ፋየርዎል መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ያለ ዳሽ አይ «ከርል ሎካልሆስት» ስትሉ «ዌልካም ቱ ኤንጂንኤክስ» የሚለው ገጽ ከመጣ ደግሞ የእናንተ ሳይት ገና አልተያያዘም ማለት ነው፤ «ሳይትስ ኢኔብልድ» በሚባለው ማህደር ውስጥ ዲፎልት የሚለውን አውጡና የራሳችሁን አስገቡ።

ቀጥሎ ማን የት እንደሚያዳምጥ እዩ። ትዕዛዙ «ሱዶ ኤስኤስ ዳሽ ቲኤልኤንፒ» ነው። እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት። ዝርዝሩ ውስጥ ከፖርቱ ቁጥር በፊት ያለውን አድራሻ ተመልከቱ። 0.0.0.0:80 ካለ ከየትም የመጣን ሰው ይቀበላል። 127.0.0.1:8000 ካለ ግን የሚሰማው ከራሱ ማሽን የመጣን ድምፅ ብቻ ነው፤ ውጭ ያለው በር ሁሉ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ከውጭ የመጣውን አይሰማም። ጃንጎና ፍላስክ፣ የዌብ አፕሊኬሽን መሥሪያዎቹ፣ ስትሞክሯቸው ያለምንም ማስተካከያ የሚነሱት 127.0.0.1 ላይ ነው፤ ጃንጎ ፖርት 8000፣ ፍላስክ 5000።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ አፕሊኬሽኑን 0.0.0.0 ላይ አስነስቶ 8000ን ለዓለም ይከፍታል። አትክፈቱ። አፕሊኬሽኑ ባለበት ይቀመጥ፣ እንግዳ ተቀባዩ ኤንጂንኤክስ ይሁን። የኤንጂንኤክስ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ሎኬሽን» በሚለው ቅንፍ ውስጥ «ፕሮክሲ ፓስ» ብላችሁ (በሁለቱ ቃላት መሃል የታች ሰረዝ አለ) ወደ 127.0.0.1:8000 ላኩት፤ ከቁጥሩ በፊት ኤችቲቲፒ፣ ሁለት ነጥብና ሁለት ስላሽ ይቀድማል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝና ነጥቧን፣ ሴሚኮለን የሚሏትን፣ አትርሷት። ከዚያ «ሱዶ ኤንጂንኤክስ ዳሽ ቲ» ስትሉ ስህተቱ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ደህና ነው ካለ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ»።

አፕሊኬሽኑንም ተርሚናል ላይ አስነስታችሁ አትተዉት። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ በተርሚናሉ የተነሳው አፕሊኬሽንም አብሮ ይሞታል። ማሽኑ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ሆኖ ያለ ምንም ችግር እየሠራ፣ ሳይቱ ከዚራ መብራት ስለጠፋ ብቻ ይዘጋል ማለት ነው። ሲስተምዲ ሰርቪስ (ማሽኑ በራሱ የሚያስነሳው ሥራ) አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አሥር መስመር የማይሞላ ፋይል ነው።

የግቢው በር

አሁን ማሽኑ ላይ ወዳለው ፋየርዎል። «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ስታተስ» በሉ። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ «ኢንአክቲቭ» ካለ እሱ አይደለም የዘጋባችሁ። ማብራት ከፈለጋችሁ ግን ቅደም ተከተሉን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ። መጀመሪያ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 22»። ቀጥሎ እንደዚሁ 80፣ የኤችቲቲፒው። ቀጥሎ 443፣ የኤችቲቲፒኤሱ (የተቆለፈው)። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል»።

22 የእናንተ መግቢያ ነው። እኔ አንድ ጊዜ እሱን ረስቼ አብርቼዋለሁ። ያለሁበት ተርሚናል ለጊዜው አልተቋረጠም፣ ስለዚህ ሁሉ ነገር ሰላም መሰለኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ምሳ በልቼ ስመለስ መግባት አልቻልኩም። የሰው ሥራ ነበር፣ ሰውየውም ማታ ያስፈልገኛል ብሎኛል። ዲስኩን ከማሽኑ ነቅዬ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ፣ የፋየርዎሉን ፋይል አስተካክዬ እስክመልሰው አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ፋየርዎል ስነካ ያለሁበትን ተርሚናል አልዘጋም። ሁለተኛ ተርሚናል ከፍቼ፣ እንደ አዲስ ገብቼ፣ መግባቴን ካየሁ በኋላ ነው የመጀመሪያውን የምዘጋው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ኦራክል ክላውድ የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። የእነሱ ኡቡንቱ ሲመጣ ውስጡ የአይፒቴብልስ፣ ከዩኤፍደብሊው ሥር ያለው ፋየርዎል፣ ሕጎች አሉት፤ 22ን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ። ዩኤፍደብሊው «ኢንአክቲቭ» እያለ በሩ ዝግ የሚሆነው ለዚህ ነው። «ሱዶ አይፒቴብልስ ዳሽ ኤል ኢንፑት» ብላችሁ እዩት፤ ኤል ትልቁ ፊደል ነው፣ ኢንፑት ሙሉውን በትልቁ ይጻፋል። ሕጎቹ ከላይ ወደታች ነው የሚነበቡት። ስለዚህ 80ን የምትፈቅደው ሕግ «ሪጀክት» ከሚለው መስመር በላይ መግባት አለባት። ከሥሩ ከገባች አንድም ጊዜ ተራ አይደርሳትም። ካስገባችሁ በኋላ አስቀምጡት፣ አለዚያ ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል።

ዶከር (አፕሊኬሽንን ኮንቴይነር በሚሉት ሳጥን ውስጥ የሚያስነሳው) የምትጠቀሙ ደግሞ የእናንተ ችግር ተቃራኒው ነው። ዶከር ፖርት ሲከፍት ዩኤፍደብሊውን አልፎ ነው የሚከፍተው። ዘግቼዋለሁ ያላችሁት ዳታቤዝ ክፍት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ኮንቴይነሩን ስታስነሱ ከፖርቱ በፊት 127.0.0.1 ጨምሩበት።

የከተማው በር

አሁን ከማሽኑ ውጡና በብራውዘር ወደ ክላውዱ ገጽ ግቡ። ስሙ እንደየድርጅቱ ይለያያል። አማዞን ላይ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ይሉታል። አዙር ላይ ኔትዎርክ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ። ኦራክል ላይ ሴኪዩሪቲ ሊስት። ጉግል ላይ ደግሞ ፋየርዎል ሩልስ፤ እዚያ ማሽኑን ስትከፍቱ «አላው ኤችቲቲፒ ትራፊክ» የምትል ሳጥን አለች፣ እሷን አለመንካት ነው ብዙ ሰው የሚያስቸግረው።

የምታስገቡት አንድ ዓይነት ነው። ወደ ውስጥ ለሚመጣው፣ ኢንባውንድ ወይም ኢንግረስ በሚለው ሥር፣ ፕሮቶኮል ቲሲፒ፣ ፖርት 80፣ ምንጭ 0.0.0.0/0። ያ ማለት ከየትም ይምጣ ነው። ለ443 እንደዚሁ ድገሙት። የአማዞኑ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ያስገባውን ሰው መልስ ራሱ ያስወጣል፣ ስለዚህ ለመውጫው ሌላ ሕግ አትጨነቁ።

«ኦል ትራፊክ» የሚለውን መምረጥ ያጓጓል። ይከፈትልኝ እንጂ ብሎ የመረጠው ሰው ብዙ ነው። ግን የዳታቤዞቹ፣ የማይኤስኪውኤል 3306፣ የፖስትግሬስ 5432 አብረው ይከፈታሉ። ክፍት ፖርት ፍለጋ ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ አዲስ ማሽን ከፍታችሁ የኤስኤስኤች መዝገቡን ብታዩ፣ ማንም ሳይነግራቸው መጥተው «ሩት» (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) በሚል ስም ሲሞክሩ ታገኟቸዋላችሁ። 22ን ለራሳችሁ አይፒ ብቻ መክፈት ጥሩ ነበር፣ ነገር ግን በሞባይል ዳታ የምንጠቀም ሰዎች አይፒያችን ስለሚቀያየር ያስቸግራል። ቢያንስ በፓስወርድ መግባትን ዝጉና በቁልፍ ፋይል ብቻ ይሁን።

አሁን ከውጭ እናንኳኳ

ስልካችሁን አንሱ። ዋይፋይ አጥፉ፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩ። ድሬ ላይ ሁለት ሲም የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኔትዎርኩን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014 ላይ። ሁለቱም ሲም ካላችሁ በሁለቱም ሞክሩ። አድራሻውን ስትጽፉ ከፊቱ ኤችቲቲፒን፣ ኤስ የሌለውን፣ ራሳችሁ ጻፉት፤ አለዚያ ብራውዘሩ በራሱ ጊዜ 443 ላይ ሊያንኳኳ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ እዚያ ገና ማንንም አላስቀመጣችሁም።

እዚህ ላይ የሚመጣው መልእክት የትኛው በር እንደተዘጋ ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ረጅም ጊዜ ዞሮ ዞሮ «ታይምድ አውት» ካለ፣ የላካችሁት ነገር መንገድ ላይ በዝምታ ተጥሏል። እንደዚህ የሚያደርገው ፋየርዎል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የከተማው በር። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ግን ደስ ይበላችሁ። ማሽኑ ድረስ ደርሳችኋል። ግቢው ውስጥ ናችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም፤ ማለትም በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም፣ ወይም የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው። «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ካለና ማሽኑ የኦራክል ከሆነ፣ ያ ቅድም ያልኩት የአይፒቴብልስ «ሪጀክት» ነው።

እነዚህ ሁለት መልእክቶች፣ ታይምድ አውትና ሪፊውዝድ፣ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም «አልሠራም» ብሎ የሚያልፍ ሰው ለሰዓታት የተሳሳተ በር ሲደበድብ ይውላል።

አሁንም ግልጽ ካልሆነ ኮቴ እናዳምጥ። ማሽኑ ላይ «ሱዶ ቲሲፒደምፕ ፖርት 80» ብላችሁ ተዉት። ከዚያ በስልካችሁ ሳይቱን ክፈቱ። ስክሪኑ ላይ መስመሮች መውረድ ከጀመሩ ጥያቄው ማሽኑ ጋ ደርሷል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ትዕዛዝ የሚያየው የማሽኑ ፋየርዎል ከመጣሉ በፊት ነው። ችግሩ የግቢው በር ወይም ቤቱ ውስጥ ነው። ምንም ካልወረደ ግን ማሽኑን አትንኩት፤ የከተማው በር ነው፣ ወይም አድራሻው ተሳስቷል። ለእኚያ እናት ሳይት እንደዚህ አድርጌ ነው ያገኘሁት። እኔ ከድሬ፣ እሳቸው ከሐረር ስልክ ይዘን «አሁን ይንኩት» እላቸዋለሁ፣ ይነካሉ፣ ተርሚናሉ ጭጭ። ሴኪዩሪቲ ግሩፑን ሳየው 22 ብቻ ነበር ያለው።

አድራሻው ትክክል ነው?

ማሽኑ ላይ «አይፒ ኤ» ስትሉ የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ የውስጥ ቁጥር ነው። በ10 የሚጀምር፣ በ192.168 የሚጀምር፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ያለ ከሆነ ከውጭ ማንም አያገኘውም። ለሰው የምትሰጡት በክላውዱ ገጽ ላይ «ፐብሊክ አይፒ» ተብሎ የተጻፈውን ነው። ጭራሽ ከሌለ፣ ማሽኑ ያለ ፐብሊክ አይፒ ነው የተከፈተው። አማዞን ላይ ከሆነ ደግሞ ሰብኔቱ (ማሽኑ ያለበት የውስጥ ኔትዎርክ) ወደ ኢንተርኔት ጌትዌይ የሚያወጣ መንገድ እንዳለው ሩት ቴብሉን፣ የመንገዶቹን ዝርዝር፣ እዩ።

ይሄ ቁጥር በነባሪው ቋሚ አይደለም። አማዞን ላይ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩት ይቀየራል፤ ሪስታርት ብቻ ከሆነ አይቀየርም። ዶሜይን ከማሰራችሁ በፊት ቋሚ አድርጉት፤ እዚያ ኢላስቲክ አይፒ ይሉታል። አማዞን ከየካቲት 2024 (በፈረንጆች) ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ በወር 3.6 ዶላር ገደማ ነው። ዶላር እንዴት እንደሚገኝ ለምናውቅ ሰዎች ትንሽ አይደለም፣ የማትጠቀሙበትን ልቀቁት።

ከዚያ ዶሜይኑ። የገዛችሁበት ቦታ ዲኤንኤስ ገጽ ላይ ኤ ሬኮርድ (ስሙን ከአይፒ ቁጥር ጋር የሚያያይዝ መስመር) ጨምሩ፤ አንዱ ለራሱ ለዶሜይኑ፣ አንዱ ሦስት ደብሊው ላለበት። ሁለቱም ወደዚያው አይፒ ያመለክታሉ። ነጥብ ኢቲ የምትፈልጉ ከሆነ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። «ዲግ» ብላችሁ ዶሜይኑን ጻፉ፣ የእናንተ ቁጥር ከመጣ ደርሷል። የድሮው ቁጥር ከመጣ ቲቲኤሉ (የድሮው መልስ የሚቆይበት ጊዜ፣ በሰከንድ) እስኪያልቅ ጠብቁ፤ 3600 ከተባለ 1 ሰዓት ነው። የረሳችሁት የድሮ ባለአራት ኤ ሬኮርድ (የአይፒቪ6፣ የአዲሱ ዓይነት አድራሻ) ካለ አጥፉት፣ አለዚያ አንዳንዱ ስልክ በአይፒቪ6 ወደ ሌላ ቦታ ይሄድባችኋል።

ቁልፏ

እንግዳ ስሙንና ስልኩን የሚጽፍበት ሳይት ያለ ኤችቲቲፒኤስ አይሆንም። ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬቱን በነጻ ይሰጣል። ሰርተፊኬቱን የሚያመጣውን ፕሮግራም፣ ሰርትቦትን፣ ጫኑ፣ «ሱዶ ሰርትቦት ዳሽ ዳሽ ኤንጂንኤክስ» በሉ፣ የሚጠይቃችሁን መልሱ። የኤንጂንኤክሱን ፋይል ራሱ ያስተካክለዋል።

ይህንን የምታደርጉት ግን ዶሜይኑ ከደረሰና ፖርት 80 ከውጭ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የዶሜይኑ ባለቤት መሆናችሁን የሚያረጋግጠው ከውጭ መጥቶ 80 ላይ አንኳኩቶ ነው። ካልተከፈተለት ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ በ1 ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ከከሸፈ ለጊዜው ይዘጋባችኋል። ኤችቲቲፒኤሱ ከገባ በኋላም 80ን አትዝጉት። ሰርተፊኬቱ የሚቆየው 90 ቀን ነው፣ ሲታደስም በዚያው በር ነው የሚመጣው። እድሳቱ መሥራቱን «ሱዶ ሰርትቦት ሪኒው ዳሽ ዳሽ ድራይ ዳሽ ረን» ብላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት።

በመጨረሻ «ሱዶ ሪቡት»። ማሽኑ ሲነሳ ኤንጂንኤክስም፣ አፕሊኬሽኑም፣ የፋየርዎሉ ሕጎችም አብረው መነሳታቸውን ከስልካችሁ እዩ። አንዱ ካልተነሳ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል» ብላችሁ ስሙን ጨምሩለት።

እኔም ሪቡት አድርጌ ሐረር ደወልኩ። «ይሞክሩት እስቲ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «መጣ» አሉኝ፣ «ግን የነደባው፣ የመቀመጫ መደቡ፣ ፎቶ ጨልሟል፣ ቅዳሜ በጠዋት ናና ድጋሚ አንሳው።»